ከትንሽ ትራክተር በስተኋላ ስለሚታሠር ማመዛዘኛ ክብደት
(በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠራ ባለ ሎደር ትራክተር)

ሀ. መነሻ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በሰበታ ዳርቻ በአንድ የወተት ላሞች ግቢ ውስጥ ያየነው ነገር ነው። አንድ ትንሽ ትራክተር ከፊቱ በተገጠመለት ሎደር እርጥብ ፍግ እያፈሰ በጭነት መኪና ላይ ይገለብጥ ነበር። ባኬቱ ሞልቶ ከፍ ማለት በጀመረ ቁጥር የኋላ ጐማዎቹ መሬቱን ሊለቁ ስለሚደርሱ፤ ሁለት ወጣት ረዳቶች ሮጠው ይመጡና ከኋላ ባሉት የማረሻ መስቀያ ክንዶች ላይ ይቆማሉ። ትራክተሩ ይረጋል፤ ፍጉም ይገለበጣል፤ እነርሱም ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ያው ሥራ እንደገና ይጀመራል። እኛም ሾፌሩን፤ «ጋሼ፤ እነዚህ ልጆች ቢወድቁስ?» ብለን ብንጠይቃቸው፤ «ልጆቼ፤ እነሱ ባይቆሙ የምወድቀው እኔ ነኝ» ሲሉ መለሱልን።

ሾፌሩ የተናገሩት እውነት ነው። ከፊት የተነሣው ጭነት ከኋላ የሚያመዛዝነው ክብደት ይፈልጋል። ነገር ግን ይህን ሥራ ለሰው አካል መስጠት ተገቢ አለመሆኑን ለማወቅ ትልቅ ምርምር አያስፈልግም። በዚያ ክንድ ላይ የቆመ ሰው ቢንሸራተት የሚወድቀው በኋላ ጐማው አጠገብ ነው፤ ከፍ ብሎ የነበረው የኋላ ጐማም ሲመለስ የሚያርፈው በዚያው ስፍራ ነው። ስለዚህ የጥናታችን ጥያቄ፤ «በእነዚህ ሁለት ወጣቶች ፋንታ ምን ይታሠር? ስንት ኪሎ? በየትስ ቦታ?» የሚል ሆነ።

ጥያቄውን በሦስት ከተሞች አኳያ ተመልክተነዋል። ሰበታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፤ ቡራዩ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ፤ ሱሉልታ ደግሞ በስተ ሰሜን ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። አስተዳደራቸው አንድ ቢሆንም መሬታቸውና ሎደር የሚያነሣው ጭነት አንድ አይደለም። አንዱ ማመዛዘኛ ለሁሉም እኩል የማይመቸውም ስለዚህ ነው።

ለ. የሚዛኑ አሠራር

በእህል ገበያ ባለ ክንዱን ሚዛን ያየ ሰው የነገሩን ሥር ያውቀዋል። በአንድ ወገን ሙሉ ኩንታል ጤፍ ይጫናል፤ በሌላው ወገን በረጅሙ ክንድ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ብረት ያንን ሁሉ ያመዛዝነዋል። ነጋዴው ጤፉን ሲመዝን የብረቱን ቦታ ይለውጣል እንጂ ብረቱን አያከብድም። ስለዚህ የሚያመዛዝነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን፤ ክብደቱ ከመደገፊያው ርቀት ጋር ተባዝቶ የሚሰጠው ኃይል ነው።

በባለ ሎደር ትራክተርም ሕጉ ይኸው ነው። መደገፊያው የፊት አክስል ነው። ባኬቱ ከፊት አክስል ወደ ፊት ስለ ወጣ ትራክተሩን ወደ ፊት ሊደፋው ይታገላል። ከፊት አክስል በስተኋላ ያለው ክብደት ሁሉ ደግሞ ይህን ይቃወማል፤ ከአክስሉ በራቀ መጠንም ተቃውሞው ይበረታል። የጽሑፋችን ዋና አሳብ ከዚህ ይወጣል፤ ይኸውም የኋላ ማመዛዘኛ ሲመረጥ «ስንት ኪሎ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የት ተቀመጠ?» የሚለው ጥያቄ እኩል መጠየቅ አለበት የሚል ነው።

ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት መስቀያ ቀድሞውኑ በትራክተሩ ኋላ አለ። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1925 ማረሻንና ትራክተርን አንድ አካል ለሚያደርግ አሠራሩ የፈጠራ መብት አመልክቶ ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. ከፎርድ ጋር ባወጣው ትራክተር ላይ ሦስቱ ክንዶች በሰፊው ታወቁ። በዚያን ዘመን ከኋላ የሚጐተት ማረሻ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተነሥቶ በሾፌሩ ላይ መገልበጡ ይታወቅ ነበር፤ የሦስቱ ክንዶች አሠራርም ይህን አደጋ ቀንሶታል። ዛሬ እነዚያው ክንዶች በሎደር ምክንያት ወደ ፊት ለሚመጣው አደጋ መከላከያ ይሆኑልናል።

ሐ. በቁጥር ሲታይ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በእነርሱ ፋንታ የራሱን ትራክተር ቁጥር ሊያስገባ ይችላል። ትራክተሩ ከነሎደሩ፣ ባኬቱ ባዶ ሆኖ፣ 1,700 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ከዚህ ውስጥ 800 ኪሎ በፊት ጐማዎች፣ 900 ኪሎ በኋላ ጐማዎች ላይ ያርፋል። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 1.7 ሜትር ነው። በባኬቱ ውስጥ 600 ኪሎ ጭነት አለ፤ የጭነቱም መካከል ከፊት አክስል 1.3 ሜትር ወደ ፊት ነው።

600 በ1.3 ሲባዛ 780 ይሆናል። ይህን በ1.7 ስናካፍለው 459 እናገኛለን። እንግዲህ ጭነቱ ሲነሣ የኋላ ጐማዎች 459 ኪሎ ይቀልላሉ፤ የፊት ጐማዎች ደግሞ የጭነቱን 600 ኪሎና ከኋላ የመጣውን 459 ኪሎ ጨምረው ይሸከማሉ። አሁን 400 ኪሎ ማመዛዘኛ በሁለት ልዩ ልዩ መንገድ እንጨምር።

አንደኛ፤ ማመዛዘኛ ሳይኖር፦ በኋላ ጐማዎች 441 ኪሎ፤ በፊት ጐማዎች 1,859 ኪሎ።
ሁለተኛ፤ 400 ኪሎ ውሃ በኋላ ጐማዎች ውስጥ ሲሞላ፦ በኋላ 841 ኪሎ፤ በፊት 1,859 ኪሎ።
ሦስተኛ፤ 400 ኪሎ ከኋላ አክስል 0.9 ሜትር ርቆ በክንዶቹ ላይ ሲሰቀል፦ በኋላ 1,053 ኪሎ፤ በፊት 1,647 ኪሎ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው የተጨመረው ክብደት አንድ ነው። ውጤቱ ግን አንድ አይደለም። በጐማ ውስጥ የገባው 400 ኪሎ ለኋላ ጐማ 400 ብቻ ሲጨምር፤ በክንዶቹ ላይ የተሰቀለው 612 ይጨምራል። ከዚህም የሚበልጠው ጥቅም በፊት አክስል ላይ የሚታየው ነው። የጐማው ውሃ ከፊት አክስል አንድ ኪሎ እንኳ አያነሣም፤ የተሰቀለው ግን 212 ኪሎ ያቀልለታል። የትራክተሩ መጽሐፍ የፊት አክስሉ የሚችለው 1,700 ኪሎ ነው ቢል፤ ከሦስቱ ይህን ወሰን የሚጠብቀው ሦስተኛው ብቻ ነው። የፊት አክስል ኩሽኔታዎች ቶሎ ቶሎ የሚያልቁበትና መሪው የሚከብድበት ባለ ትራክተር ምክንያቱን በመለዋወጫው ጥራት ከመፈለጉ በፊት ይህን ስሌት ቢያደርግ ይጠቀማል።

ሁለቱ ወጣቶችስ? እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ቢመዝኑና ከኋላ አክስል 0.6 ሜትር ርቀው ቢቆሙ፤ ለኋላ ጐማዎች የሚጨምሩት 162 ኪሎ ያህል ነው። ይህም የተሰቀለው ማመዛዘኛ ከሚሰጠው ከሩብ እምብዛም አይበልጥም።

እስካሁን የተናገርነው ትራክተሩ በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነው። አሁን ግን ጭነቱን 1.8 ሜትር ከፍ አድርጎ በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ይሄዳል እንበል። የትራክተሩ የክብደት መካከል ከመሬት 0.7 ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፤ ማመዛዘኛ ሳይኖር የኋላ ጐማዎች ላይ የሚቀረው 238 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የፊት ጐማው ቦይ ይዞት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቢቆም ደግሞ 267 ኪሎ ተጨማሪ ይቀንሳል። ይህም ከዜሮ በታች ነው፤ ጐማዎቹ መሬቱን ለቀዋል ማለት ነው። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው አቋቋም፣ ጭነቱ ከመሬት ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ 131 ኪሎ ይቀር ነበር። ጭነቱ እንደተነሣ ሆኖ 400 ኪሎው ከኋላ ቢሰቀል ግን 535 ኪሎ ያህል ይቀራል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በብዙ ትንንሽ ትራክተሮች ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጐማዎችን ብቻ ነው። የፊት ጐማ መንጃው ሲገባ ብቻ ፊተኞቹ በፍሬኑ ሥራ ይካፈላሉ። ስለዚህ ትራክተሩ ገና ሳይደፋ፤ የኋላ ጐማዎቹ ሲቀልሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ፍሬኑ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ጐማው ይቆማል፤ ትራክተሩ ግን እየተንሸራተተ ይወርዳል።

መ. የማመዛዘኛ ዓይነቶች

የመጀመሪያው በኋላ ጐማ ውስጥ የሚሞላ ውሃ ነው። ጐሚስታ ሊሠራው ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ጐማው እስከ ሦስት አራተኛው ይሞላል። ክብደቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ትራክተሩ ወደ ጐን እንዳይገለበጥ ይረዳል፤ ከኋላም የሚወጣ ነገር ስለሌለው በጠባብ ቦታ ያመቻል። ጉድለቱ ከፍ ብሎ እንደታየው የፊት አክስልን አለማቅለሉ ነው። እንዲሁም እንደልብ የሚወልቅ አይደለም፤ ጐማ ሲበሳም ሥራ ያበዛል። በቀዝቃዛ አገሮች ውሃው እንዳይረጋ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ይጨመርበታል፤ ይህ ጨው ግን ውስጥ ለውስጥ ቸርኬውን ይበላል።

ሁለተኛው በቸርኬው ላይ በብሎን የሚታሠር የብረት ክብደት ነው። የሚያስገኘው ውጤት ከጐማ ውሃ ጋር አንድ ዓይነት ሲሆን፤ ዝገትና መፍሰስ የለበትም። ነገር ግን ለየትራክተሩ ቸርኬ ተለክቶ የተሠራ መሆን ስላለበት በቅርብ አይገኝም።

ሦስተኛው በክንዶቹ ላይ የሚሰቀል የኮንክሪት ድፍን ነው። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፤ በሁሉም ወገን 55 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን 400 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለዚህም አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ፣ የእርሱ እጥፍ አሸዋና አራት እጥፍ ጠጠር ይበቃል። ካሳፎርማ የሚሠራ አናጢና ፌሮ የሚበይድ በያጅ በሦስቱም ከተሞች አይታጣም። ዋናው ጥንቃቄ መስቀያው ላይ ነው። በትንንሽ ትራክተሮች ላይ የተለመደው የታችኛው ክንድ ፒን ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው። ፒኖቹ ከኮንክሪቱ ፊት ላይ እንዲሁ የተለጠፉ ሳይሆኑ፤ በድፍኑ ውስጥ አልፈው ከፌሮው ጋር በተበየደ ብረት ላይ መያዝ አለባቸው። ኮንክሪቱም ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ሊቆይ ይገባዋል፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው።

አራተኛው በድንጋይ ወይም በአሸዋ የሚሞላ የላሜራ ሣጥን ነው። ልቅ ሆኖ የተሞላ ከባድ ድንጋይ በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ያህል ስለሚሆን፤ ለ400 ኪሎ ሩብ ሜትር ኩብ ሣጥን ያስፈልጋል። ከኮንክሪቱ ይሰፋል፤ ነገር ግን ክብደቱን መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሣጥኑን ይሞላል እንጂ አይከብድም። ክዳን ያስፈልገዋል፤ አለዚያ በወጣ ገባ መንገድ ላይ ድንጋይ ይረግፋል።

አምስተኛው በእጅ ያለ የእርሻ መሣሪያ ነው። ማረሻ ወይም መሬት መደልደያ ምላጭ ያለው ሰው እርሱኑ ሰቅሎ ቢሠራ ተጨማሪ ወጪ የለበትም። ቢሆንም ረጅምና ስለታም መሣሪያ ሰውና ከብት በሚተላለፉበት ግቢ ውስጥ ሲዞር የራሱን አደጋ ያመጣል፤ ክብደቱም በቂ መሆኑ በሚዛን መረጋገጥ አለበት።

ሠ. በሦስቱ ከተሞች

በሰበታ የሎደሩ ዋና ሥራ ከከብት እርባታ ጋር የተያያዘ ነው። የሚያፍሰው እርጥብ ፍግ፣ መኖና ከቢራ ጠመቃ የሚቀር እርጥብ የብቅል ተረፈ ምርት ነው። መሬቱ በአብዛኛው የተደለደለ ግቢ ነው፤ ነገር ግን በበረቶቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ስለሆነ ከኋላ ረዝሞ የሚወጣ ነገር ሲዞር ግድግዳና ግንድ ይመታል። ለዚህ ቦታ አጭርና ድፍን የሆነው የኮንክሪት ማመዛዘኛ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። የላሜራ ሣጥን በሽንትና በፍግ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል፤ ኮንክሪት ግን ይታገሣል።

በሱሉልታ ሜዳ ጭነቱ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ቀላል ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ብዙ ሰው ማመዛዘኛ አያስፈልገውም ይላል። ይህ ግን ስሕተት ነው። የታመቀ ድርቆሽ አንዱ እስር 18 ኪሎ ቢመዝን፤ 12 እስር 216 ኪሎ ይሆናል። እስሮቹ በሹካ ላይ ሲደረደሩ መካከላቸው ከፊት አክስል 1.9 ሜትር ይርቃል ብንል፤ ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ 410 ይሆናል። 315 ኪሎ እርጥብ ፍግ በ1.3 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ኃይል ይኸው 410 ነው። ከዚህም በላይ ድርቆሽ ወደ ክምር አናት ወይም ወደ መኪና ጣሪያ ስለሚነሣ ጭነቱ ከሁሉ ይልቅ ከፍ ይላል።

የሱሉልታ ሁለተኛው ችግር አፈሩ ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ የኮቲቻ አፈር ውሃ ይዞ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ሳያስፈልግ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ትራክተሩን ያሰምጠዋል። በዚህ ምክንያት ለሱሉልታ የሚሻለው በጥቂት ክብደት ብዙ የሚያመዛዝንና ሲያስፈልግ የሚወልቅ ነው፤ ይህም ከኋላ ራቅ ብሎ የተሰቀለ፣ ክብደቱም የሚቀነስ ሣጥን ነው። በጐማ ውሃ ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው ደግሞ አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ መሆኑንና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድበት ማስታወስ አለበት። በትልቅ ጐማ ውስጥ ያለ ውሃ በአንድ ሌሊት ውርጭ ፈጥኖ ባይረጋም፤ ቀጭኑ የመሙያ ቧንቧ ላይ የቀረው ውሃ ግን ሊረጋ ይችላል።

በቡራዩ ጭነቱ ድንጋይና የሕንፃ ዕቃ ነው፤ መሬቱም ተዳፋት ይበዛበታል። 0.35 ሜትር ኩብ የሚይዝ ባኬት ፍግ ሲሞላ 315 ኪሎ ያህል ያነሣል፤ ያው ባኬት የተፈለጠ ድንጋይ ሲሞላ 560 ኪሎ ይደርሳል። ሾፌሩ የሚያየው ግን የባኬቱን መሙላት እንጂ ክብደቱን አይደለም። ስለዚህ ለቡራዩ የመጀመሪያው ምክራችን ባኬቱ በድንጋይ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ ነው። ማመዛዘኛውን በተመለከተ ሁለቱን ማጣመር ይሻላል፤ ይኸውም ትራክተሩን ወደ መሬት የሚያስጠጋ የጐማ ውሃና የፊት አክስልን የሚያቀልል የተሰቀለ ድፍን ነው። ድምሩ ግን የኋላ አክስልና ጐማ ከሚችሉት እንዳያልፍ ከመጽሐፉ ጋር መመሳከር አለበት።

ማመዛዘኛው በተዳፋት ላይ የሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የትራክተር የፊት አክስል በመካከሉ ባለ ፒን ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ስለዚህ ትራክተሩ የቆመበት መሠረት እንደ ጠረጴዛ አራት ማዕዘን ሳይሆን፤ ሁለቱ የኋላ ጐማዎችና የፊቱ ፒን የሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ነው። ሎደሩ ጭነት ሲያነሣ የሁሉም የክብደት መካከል ወደ ፊት፣ ወደ ሦስት ማዕዘኑ ጠባብ ጫፍ ይሄዳል። በዚያ ስፍራ ጥቂት ማዘንበል ወደ ጐን ለመገልበጥ ይበቃል። የኋላው ማመዛዘኛ ክብደቱን ወደ ሰፊው ወገን ይመልሰዋል።

ረ. ማመዛዘኛ የማያደርገው

ከፍ ብለን የጻፍነው ማመዛዘኛን የሁሉ ፈውስ አድርጎ እንዳይወሰድብን ሦስት ነገር እንጨምራለን።

አንደኛ፤ ማመዛዘኛ ሎደሩ የማንሣት ኃይሉን አይጨምርለትም። የሎደሩ ወሰን በአምራቹ የተወሰነ ነው፤ ከኋላ ስለ ከበደ ብቻ ከፊት ማብዛት አይቻልም።

ሁለተኛ፤ ማመዛዘኛ ሲበዛም ጉዳት አለው። ብዙዎቹ የአምራቾች መጻሕፍት በፊት አክስል ላይ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ እንዲቀር ያዝዛሉ፤ ከዚህ ካነሰ መሪው አይታዘዝም። በምሳሌያችን 400 ኪሎ ተሰቅሎ ባኬቱ ባዶ ሲሆን በፊት 588 ኪሎ ይቀራል፤ ይህም 28 በመቶ ስለሆነ ይበቃል። 800 ኪሎ ቢሰቀል ግን በፊት የሚቀረው 376 ኪሎ፣ ማለትም 15 በመቶ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ትራክተር ዳገት ሲወጣ ፊቱ ሊነሣ ይችላል። ሎደሩ ሲወልቅም ማመዛዘኛው አብሮ መውለቅ ያለበት ስለዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ ማመዛዘኛ የሾፌሩን መከላከያ ብረት አይተካም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ሲገለበጥ ሾፌሩን የሚጠብቅ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ አዝዛለች፤ ሌሎችም አገሮች ተከትለዋታል። መከላከያው ካለ ቀበቶውም ይታሠር፤ ሾፌሩን ከመከላከያው ጥላ ሥር የሚያቆየው ቀበቶው ነውና። ጭነትም በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይጓጓዝ፤ ከፍ የሚደረገው ትራክተሩ ከመኪናው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሰ. የመምረጫ ቅደም ተከተልና መደምደሚያ

ማመዛዘኛ ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የትራክተሩን መጽሐፍ ተመልክቶ የፊትና የኋላ አክስል፣ የክንዶቹና የጐማዎቹ ወሰን ምን ያህል እንደሆነ ይጻፍ። ሁለተኛ፤ ትራክተሩን በምድር ሚዛን ላይ ያስመዝን፤ አንድ ጊዜ የፊት ጐማዎቹን ብቻ፣ አንድ ጊዜ የኋላዎቹን ብቻ አሳርፎ፤ ባኬቱም ባዶ ሆኖና በተለመደው ጭነት ሞልቶ፣ ዝቅ እንዳለ። ሦስተኛ፤ በሜትር ርቀቶቹን ለክቶ ከዚህ በላይ ያለውን ስሌት ይሥራ። አራተኛ፤ የሚሠራበትን መሬትና የመተላለፊያውን ስፋት አይቶ ዓይነቱን ይምረጥ። በመጨረሻም ማመዛዘኛው ከተሰቀለ በኋላ እንደገና ያስመዝን፤ ስሌት የሚታመነው በሚዛን ሲረጋገጥ ነውና።

እኛም ይህንኑ ስሌት በወረቀት አድርገን ወደ ሰበታው ግቢ ተመለስን። ሾፌሩ ሥዕሉን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «ለማረስ ስሄድ ይህን ድንጋይ ብቻዬን ላወርደው እችላለሁን?» አሉ። እኛ በቁጥሩ ተጠምደን ይህን አላሰብነውም ነበር። ስለዚህ ከድፍኑ በታች ሁለት አጫጭር የብረት እግሮች እንዲበየዱለት ሥዕሉን አረምን። በእግሮቹ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፤ ሾፌሩ ክንዶቹን ዝቅ አድርገው ሦስቱን ፒኖች በመንቀል ያለ ረዳት ጥለውት ሊሄዱ፣ ሲመለሱም መልሰው ሊያነሡት ይችላሉ።

ድፍኑ በዚያው ግቢ ተሠርቶ ደረቀ፤ ተሰቀለም። በሄድንበት ቀን ፍጉ እንደ ቀድሞው ይጫን ነበር፤ የኋላ ጐማዎቹም መሬቱን ይዘው ይሄዱ ነበር። ሁለቱ ወጣቶች ከትራክተሩ ርቀው ከመኪናው በስተጀርባ የሚንጠባጠበውን ፍግ በአካፋ ይሰበስቡ ነበር። በሌሎች ግቢዎች ግን አሁንም በክንዶቹ ላይ የሚቆሙ ረዳቶች አሉ። የምሕንድስናና የእርሻ ትምህርት ባልደረቦቻችን በየአካባቢያቸው ትራክተር ሲያዩ ይህን ስሌት ከሾፌሮች ጋር አብረው እንዲሠሩት፤ መምህራኖቻችንም ስሕተታችንን እንዲያርሙልን በትሕትና እንጠይቃለን።